ከአደራው ወንጌል የጎደለችው ቅጠል

መሐላ እፈራለሁ። ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል፤ ልጆቼም «እማዬ ደግሞ ጀመራት» ይላሉ። ባለፈው ሰሞን አምቦ መናኸሪያ መኪና ስጠብቅ አንድ ባለ ባጃጅ ወጣት ከተሳፋሪ ጋር በመልስ ተጣልቶ «ልጄን ይንሣኝ፣ ሰጥቼሃለሁ!» ብሎ ሲምል ሰማሁት። ጢሙ እንኳ ገና በቅጡ አልበቀለም፤ ልጅ እንዳለውም እንጃ። ተሳፋሪው ስቆ ሄደ፣ ወጣቱም እያፏጨ ሞተሩን አስነሣ። እኔ ግን እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። አንዲት ደግ ሴት «እትዬ፣ ስኳር አለብዎት እንዴ?» ብላ ውሃ ሰጠችኝ። ስኳር የለብኝም አልኳት። ያለብኝ የድሮ ፍርሃት ነው፤ አባቴ የቤተ ክርስቲያን በር ይዞ ሊምል አፉን የከፈተ ቀን የገባብኝ ነው፣ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም። ግን ይህን ለማያውቁት ሰው መናኸሪያ ላይ እንዴት ብለው ያስረዱታል?

ያኔ አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ነበረች፤ እኛ ግን አምቦ ነው የምንላት። ሻይ በአሥር ሳንቲም ነበር፤ ስሙኒ የያዘ ሰው ቦምቦሊኖ ጨምሮ፣ እግሩን አነባብሮ፣ ግማሽ ቀን አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። ቴትሮን ሱሪ የለበሱ ጎረምሶች ፀጉራቸውን በቅባት አስተኝተው ወደ ፍል ውሃው መዋኛ ይወርዳሉ፤ የተማሪ ቤት ልጃገረዶች ነጭ ሸራ ጫማቸውን በኖራ አጥበው፣ ናይሎን ሻሻቸውን ወደ ኋላ ለቀቅ አድርገው፣ እንዳላዩ ሆነው ያያሉ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼን አለባበስ ስቆጣ ሻሼን እንዴት አስር እንደነበረ ለማንም አልናገርም። ከልብስ ሰፊዎቹ መደዳ ጥግ ላይ ሸክላ የሚያጫውት ሻይ ቤት ነበረ። አንዱ ሸክላ ተጭሮ ስለነበር ዘፋኙ «ነይ» ከሚለው ላይ ሲደርስ ነይ፣ ነይ፣ ነይ እያለ ይቀራል፤ አሳላፊው ሮጦ መርፌውን እስኪያነሣለት ድረስ መንገደኛው ሁሉ ይስቃል። ዛሬ በዚያ ጥግ የሞባይል መሸጫ ቆሟል። ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰውም በዚያ ጥግ ነበር የሚያልፈው። ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ እኔና አባቴ በዚያ ጥግ ስንመላለስ ከረምን፤ ሰው በሸክላው ሲስቅ እኔ እንባዬን እውጥ ነበር።

አባቴን ኦቦ ቶሎሳን በከተማው የማያውቀው አልነበረም። ጎጆ ከምትባለው ብርዳም የጀልዱ ከተማ ገብስ በበቅሎ እያስጫነ ወደ አምቦ የሚያወርድ ነጋዴ ነበር። ጠላት አገሩን ይዞ በነበረበት ጊዜ፣ እኔ ሳልወለድ፣ ከጎጆ በላይ ያለችውን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሊያቃጥሏት መሆኑ ሲሰማ ቄሱ አባ ወልደ ሰንበት አንድ ትልቅ የብራና ወንጌል በገብስ ስልቻ መሀል ከትተው ለአባቴ ሰጡት። «የማርያም ነው። ደጇ ሲቆም ለደጇ መልስ፤ እስከዚያ አትግለጠው» አሉት። ቤተ ክርስቲያኗ ተቃጠለች፤ ቄሱም በዚያው ሰሞን ሞቱ። አባቴ መጽሐፉን እቤታችን ከቆመው የእህል ጎታ ውስጥ አስቀምጦ ገብስ ሞላበት። ጠላት ወጣ፣ ጃንሆይ ተመለሱ፣ እኔ ተወለድኩ፣ አደግኩ፣ ተዳርኩ፤ ወንጌሉ ከጎታው አልወጣም። ጎታው በሚጸዳበት ቀን ብቻ አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ፣ በሁለት እጁ ታቅፎ ያወጣዋል፤ ተጸድቶ ሲያበቃ ይመልሰዋል። ማንበብ አይችልም፤ ግለጥ ቢሉትም አይገልጠውም ነበር። አደራ ማለት ለእሱ እንዲህ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ የአገሬው ሰው አዋጥቶ ቤተ ክርስቲያኗን በቆርቆሮ አሠራት። አባቴ ይህን እንደሰማ የቤተ ክርስቲያኗን ንብረት ወደሚጠብቁት ወደ ቄሰ ገበዙ «ኑ፣ ዕቃችሁን ውሰዱ» ብሎ ላከ። እሳቸው ሳይደርሱ ግን መጥሪያ ደረሰን። ከሳሹ አቶ ደጀኔ ይባላል፤ የሟቹ ቄስ የወንድም ልጅ ነው። «ወንጌሉን አጎቴ በገዛ እጁ፣ በገዛ ፍየሎቹ ቆዳ ላይ ጽፎታል፤ የግል ንብረቱ ነው፣ ወራሹም እኔ ነኝ» ይላል ክሱ። ቄሰ ገበዙ በበኩላቸው ለቤተ ክርስቲያኗ ቀረቡና «የማርያምን መሬት እየበላ፣ ማርያምን እያገለገለ የጻፈው የማርያም ነው» አሉ። አቶ ደጀኔ ወደ ከተማ ሲመጣ አንድ ጥቁር መነጽር ያደረገ የአዲስ አበባ ሰው አብሮት ይመጣ ነበር፤ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሆቴል በረንዳ ተቀምጦ አምቦ ውሃ ይጠጣል፣ መኪናውን ጥላ ሥር ያቆማል። የብራና መጽሐፍ እየገዛ ለውጭ አገር ሰው እንደሚሸጥ ሁሉም ያውቃል። ደጀኔ ቢረታ ወንጌሉ በዚያው ቀን በዚያ መኪና እንደሚሄድ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ዛሬ የአምቦ ፍርድ ቤት በኦሮምኛ ነው የሚዳኘው። ያኔ ግን ዳኛው ከሌላ አገር የመጡ ናቸው፤ አባቴ አማርኛ ቢችልም «ነፍሴን የሚነካ ነገር በሰው ቋንቋ አልናገርም» ብሎ በኦሮምኛ ይናገራል፣ አስተርጓሚው ወደ አማርኛ ይመልሳል። መጽሐፉ ኤግዚቢት ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። እኔ የስድስት ወር ልጄን ሌሊሴን አዝዬ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ባለቤቴ ለሥራ ባኮ ስለሚቀመጥ ከወለድኩ ጀምሮ አባቴ ቤት ነበር የምኖረው። ቄሰ ገበዙ ወንጌሉን ተሳልመው ቅጠል በቅጠል ሲገልጡ ቆዩና መጨረሻው አካባቢ እጃቸው ቆመ። አንዲት ቅጠል የለችም። ከስፌቱ ጋር የቀረ ጠርዝ ብቻ ነው ያለው፤ በቢላዋ የተቆረጠ ነው።

የደጀኔ ጠበቃ ብድግ አለ። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ሰው ቄሱ እንዲህ አሉኝ እያለ የሚመሰክረው እንግዲህ ምን ታምኖ ነው? አደራ የተሰጠውን መጽሐፍ እየቆረጠ ሲሸጥ ኖሯል!» አለ። አባቴ ፊቱ ደም መሰለ። «እኔ ገልጬው አላውቅም» አለ። «የተቆረጠ ከሆነ ሲሰጠኝም ተቆርጦ ነው። እንደተቀበልኩት አስረክቤያለሁ። ማል ካላችሁኝ እምላለሁ!» ዳኛው ነገሩ በመሐላ ይለቅ እንደሆነ ሁለቱንም ወገን ጠየቁ፤ ሁለቱም ተስማሙ። ኦቦ ቶሎሳ ቄሱ የነገሩት «ለደጇ መልስ» የሚል ቃል መሆኑንና መጽሐፉን እንደተቀበለ ማስረከቡን በአገሩ ወግ ይምል፤ ከማለ ወንጌሉ የቤተ ክርስቲያኗ ነው፤ ካልማለ ምስክርነቱ ይወድቃል፣ በመቁረጡም ይጠየቃል ተባለ።

ሰው ሁሉ እፎይ አለ። ኦቦ ቶሎሳ በሐሰት አይምልም፣ ነገሩ አለቀ አሉ። እኔ ግን እጄ ወደ ጀርባዬ ሄዶ የልጄን አንገት ይዞ ነበር። አንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ነበረ። የጠፋችው ቅጠል እዚያ ውስጥ ናት።

እናቴ አደ አያንቱ ናት የቆረጠችው። ከእኔ በፊት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች ኩፍኝ ወስዶባታል። እኔም ያው በሽታ ሲይዘኝ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ አስጠራች፤ ደብተራው «ብራና የለኝም፤ የተጻፈበት አሮጌ ብራና ከተገኘማ የበለጠ ኃይል አለው» አላት። አባቴ ለገብስ ጎጆ ሄዷል። እናቴ ጎታው ውስጥ ያለውን ታውቃለች። ጸልያ፣ አልቅሳ፣ ሥዕል ያለበትንና ቀይ ቀለም ያለበትን እያለፈች፣ ታናሽ መስሎ የታያትን አንዱን ቅጠል ቆረጠች። ደብተራው አጣጥፎ ሰፋው፣ እኔም ዳንኩ። ከዚያ ወዲህ ክታቡ ከአንገቴ አልወረደም። እናቴ ልትሞት ስትል ጠርታ ነገረችኝ፤ «አንቺም ስትወልጂ ለልጅሽ እሰሪላት፤ ለአባትሽ ግን እንዳትነግሪ፣ ልቡ ይሰበራል» አለችኝ። እንዳለችው ሌሊሴ እንደተወለደች አሰርኩላት።

የመሐላው ቀን እስኪደርስ ያሳለፍኩትን ለጠላቴም አልመኝም። በአገራችን ወግ የሚምል ሰው የሚምለው በዘሩ ነው። የአባቴ ዘር እኔ ነኝ፣ ከእኔ ሌላ ሌሊሴ ናት፣ ሌላ የለውም። ሳያውቅ ቢምልስ? መሐላ ማወቅ አለማወቅን ይለያል ወይ? ማንን ልጠይቅ? ቄስ ብጠይቅ ይወራል፣ ሽማግሌ ብጠይቅ ይወራል። ብናገር ደግሞ አባቴ አደራ በላ ተብሎ ይታሰራል፤ ወንጌሉን ደጀኔ ይወስዳል፤ የሞተችው እናቴም ስሟ ገበያ ላይ ይወጣል። ያን ሰሞን ደግሞ ከተማው ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል። አንድ ቀን ቅጠሏን በስውር ለቄሰ ገበዙ ለመስጠት አስቤ የክታቡን ክር ፈታሁ። ሌሊሴ ወዲያው አስነጠሰች። ሕፃን ያስነጥሳል፣ ምን አለበት? እኔ ግን መልሼ አሰርኩት፣ ቀኑን ሙሉም ግንባሯን ስዳስስ ዋልኩ።

ደጀኔም አልተኛም። መሐላው ሲቃረብ እቤታችን መጣና እንደ ዘመድ ተቀመጠ። «አከም ጅርቱ፣ ኦቦ ቶሎሳ» ብሎ ደኅንነቱን ጠየቀ፤ ሌሊሴንም አገጯን ነካ ነካ አደረገ። «እርስዎ ትልቅ ሰው ነዎት። የማያውቁትን አውቃለሁ ብለው ቢምሉ መዘዙ ለእርስዎ አይደለም፣ ለዚህች ነው። ሳላውቅ ቀረሁ ብለው ቢተዉት ማንም አይቀየምዎትም።» አባቴ በሩን አሳየው። ሰውዬው ከወጣ በኋላ ግን ልጄን ከእጄ ወሰደና ደረቱ ላይ አቀፋት፤ እሱም ፈርቶ ነበር። «አባ፣ ቢቀርስ?» አልኩት። «ኢንታላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ «ካልማልኩማ ሌባ ነኝ።» ያኔ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊቱን ሳይ ግን ልጄን ተቀብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ።

ቀኑ ደረሰ። ጠዋት እዚያው አምቦ ካለው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰው ተሰበሰበ፤ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊና አስተርጓሚው፣ ቄሰ ገበዙ፣ ደጀኔና ጠበቃው፣ ሽማግሌዎቹ። ወጉ እንዲህ ነው፦ የሚምለው ሰው ጫማውን አውልቆ የቤተ ክርስቲያኑን በር ይይዛል፤ ቃሉን ይናገራል፤ ሲጨርስ አንድ ሽማግሌ ደረቅ በትር ይሰብራል። በትሩ ከተሰበረ መሐላው ገባ፣ መመለሻ የለውም። አባቴ ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዶ አየሁ፤ ሳልጥፍለት ቀርቻለሁ። በሩን ያዘ። ቄሱ የነገሩትን ተናገረ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። «መጽሐፉንም እንደተቀበልኩት አስረክቤያለሁ። ከዋሸሁ ዘሬ አይብቀል፤ የልጄ ልጅ…» ሽማግሌው በትሩን በሁለት እጁ ይዞ ከፍ አደረገ።

«አባኮ! ሂን ካካቲን! አትማል!» ብዬ ጮህኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ደጀኔ ፈገግ ሲል አየሁት። «ሰማችሁ? የገዛ ልጁ መሰከረችበት!» አለ። አባቴ እጁን ከበሩ ሳያነሣ አንገቱን ብቻ አዙሮ አየኝ፤ ያን አስተያየት ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ። «ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?» አለኝ። ልጄን ከጀርባዬ አውርጄ ክታቡን ከፍ አድርጌ አሳየሁና እናቴ ያደረገችውን ሁሉ እዚያው ለቀስተኛ በሚያለቅስበት ድምፅ ተናገርኩ። አስተርጓሚው መተርጎሙን ረስቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሽማግሌው ያልተሰበረውን በትር ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ተሰብስበን ወደ ፍርድ ቤት ተመለስን። ጠበቃው «የፈጠራ ወሬ ነው፣ ክታቡ ይከፈት» አለ፤ ዳኛውም ይከፈት አሉ። ማንም ግን ከሕፃን አንገት ላይ ክታብ ለመቁረጥ እጁን አልዘረጋም፤ ፖሊሱ እንኳ ወደ ኋላ አለ። ምላጭ ተቀብዬ ስፌቱን እኔው ፈታሁት። ብራናዋ ከላብና ከቅቤ ብዛት ጠቁራለች። ቄሰ ገበዙ በመዳፋቸው አለሰለሷትና ከተቆረጠው ጠርዝ ጋር አጋጠሟት፤ ልክክ አለች። ጠበቃው ቁጭ አለ። ዳኛው ብዙ አልቆዩም። መሐላው የተቋረጠው ኦቦ ቶሎሳ እምቢ ብሎ አይደለም፣ መጽሐፉ እየተቆረጠ ሲሸጥ እንደኖረ የሚያሳይ ነገርም የለም፣ የኦቦ ቶሎሳ ምስክርነት ይታመናል፤ ወንጌሉ የቤተ ክርስቲያኗ ነው፣ ቅጠሏም ትመለስ ብለው ፈረዱ።

ትመለስ ሲሉ ልጄን ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። ቄሰ ገበዙ አዩኝ። ቀጭን፣ ቁጡ የሚመስሉ ሰው ነበሩ፤ እስከዚያ ድረስ ስፈራቸው ነው የኖርኩት። «ክቡር ዳኛ» አሉ፣ «የእኛ መሆኗ ከታወቀ ይበቃናል። ኩፍኝ ከተማ ውስጥ እያለ ከሕፃን አንገት ፈትቼ የወሰድኳትን ቅጠል እንዴት አድርጌ አነባታለሁ? ሕፃኗ ነፍስ እስክታውቅ፣ ሰባት ዓመት እስኪሞላት፣ ቅጠሏ እናቷ ዘንድ አደራ ትቀመጥ።» ዳኛው እስክሪብቶአቸውን አስቀምጠው በመስኮት ወደ ውጭ አዩ፤ ከዚያ እንደተባለው ይሁን አሉ። እዚያው መልሼ ሰፋኋት።

ወደ ቤት ስንሄድ አባቴ እስከ ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደ። ድልድዩ ላይ ቆመ። «አያንቱ!» አለ፣ እናቴ ከውሃው ማዶ ያለች ይመስል። «እኔ እንኳ ያልደፈርኩትን!» የተቆጣ መስሎኝ ነበር፤ ዞር ብዬ ሳየው እያለቀሰ ይስቃል። «እሷ ባትደፍር ኖሮ አንቺን የት አገኝሽ ነበር?» አለኝ።

ታዲያ ከዚያ ቀን በኋላ ፍርሃቱ የቀረ እንዳይመስላችሁ፤ መልኩን ነው የለወጠው። አባቴ ወንጌሉን አስረክቦ ከአደራ ሲገላገል አደራው ወደ እኔ ዞረ። ልጄ ወንዝ ስትወርድ ክታቡ ይወድቃል እላለሁ፤ ከልጆች ጋር ስትጣላ ይበጠሳል እላለሁ። ከሁሉ በላይ የፈራሁት ግን ሰባተኛ ዓመቷን ነው። ሌላ እናት ልጇ እንድታድግላት ትቸኩላለች፤ እኔ ጥርሷ ሲነቀል አለቅስ ነበር። አባቴ ያን ቀን ሳያይ ሞተ። የሞተም ቀን ጠዋት «ቅጠሏን» ብሎኛል፤ «እሺ» ብዬዋለሁ።

ሰባት ሲሞላት በቅሎ ተከራይቼ ይዣት ወደ ጎጆ ወጣሁ። መንገዱ ያው ጭቃና ድንጋይ ነበር፣ ብርዱም አጥንት ይገባል። ቄሰ ገበዙ አርጅተው ዓይናቸው ደክሟል፤ ማን መሆኔን ስነግራቸው እጄን ያዙ። ከዚያ ቀስ ብለው «ዘግይተሻል ልጄ። ወንጌሉ የለም» አሉኝ። ባለፈው በጋ ተሰርቋል። በሩ አልተሰበረም፣ ቁልፉ አልጠፋም፤ ለፖሊስ አመለከቱ፣ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ጠየቁ፣ መልስ የሰጣቸው የለም። ማን እንደወሰደው ዛሬም አላውቅም፤ በስም የምከሰው ሰውም የለኝም። «ውሰጃት» አሉኝ፤ «መጽሐፉ በሌለበት ቅጠሏን የት አገባታለሁ? ልጅሽ አንገት ላይ ትቆይ፤ እኔ ፈቅጃለሁ።»

እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ። ባለቤቱ ፈቀደ፣ ማን ይጠይቀኛል? የበቅሎዋን ልጓም ይዤ መመለስ ጀምሬም ነበር። ግን «ለደጇ መልስ» ነበር የተባለው፣ ደጇም እዚያው ቆማለች። ልጄን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት፤ ስፌቱን ፈትቼ ቅጠሏን በእጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። ቄሰ ገበዙ ለዚያ ትልቅ ወንጌል የተሠራውን ማኅደር ከነጨርቁ አመጡ፤ ያችን አንዲት ቅጠል በዚያ ሁሉ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ማኅደሩ ውስጥ ከተው፣ አቅፈው ወደ ውስጥ ገቡ።

ስንመለስ ሌሊሴ በቅሎዋ ላይ ከፊቴ ተቀምጣ አንገቷን ደጋግማ ዳሰሰች። «እማዬ፣ ቀለለኝ» አለችኝ። እኔ እስከ አምቦ ድረስ እጄን ከአንገቷ ላይ አላነሣሁም።